ሐረጎ መታጠፊያ ላይ

ሙሄዲን ከመታጠፊያው ብቅ ሲል መምህር በላቸው የውሃውን ቅል አንሥቶ ወደ መንገዱ ገባ።

ልጁ ብቻውን ነበር። ከኮምቦልቻ ሜዳ ወደ ደሴ አሥራ አራት ሯጮች አብረው ተነሥተዋል፤ የሐረጎ ዳገት ግን አሥራ ሁለቱን አንጠባጥቦ አስቀርቷቸዋል። ሁለተኛው ሯጭ ለጣሊያን ጦር የተቀጠረ አስካሪ ወታደር ነው፤ ቀዩ መቀነቱ ከታችኛው ጥምዝ ላይ ገና መታየቱ ነበር። በሁለቱ መካከል መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል አለ። ሙሄዲን ትከሻውን ጥሎ፣ ክርኑን ከጎኑ ሰብስቦ፣ መንገዱን እንደሚያውቀው ሰው ዳገቱን ይወጣል። ይህን አሯሯጥ በላቸው ራሱ ነው ከልጅነቱ ጀምሮ እየቆጣ፣ እያባበለ ያስተማረው።

ቅሉን አቀበለው። ሙሄዲን ሳይቆም ተጉመጠመጠና ተፋው።

"ምን ያህል ቀደምኩት ጋሼ?"

በላቸው ከጎኑ እየሮጠ ነው። አርባ ስድስት ዓመቱ ቢሆንም እግሩ ገና አልከዳውም። የከዳው ድምፁ ነበር።

"ቀስ በል" አለው።

"ደኅና ነኝ፤ አልደከመኝም።"

"ቀስ በል አልኩህ። ይለፍህ።"

ሙሄዲን አንገቱን አዞረ። ሲሮጥ አንገቱን አዙሮ አያውቅም ነበር።

"ማን?"

"አስካሪው ይለፍህ። ሁለተኛ ሆነህ ግባ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፤ ስለ አላህ ብለህ አትጠይቀኝ።"

ልጁ አልጠየቀም። ለጥቂት እርምጃ ያህል የመምህሩን ፊት አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። የጣለው ትከሻ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሲወጣ፣ እርምጃው ሲያጥር፣ ያ ሁሉ ዓመት የተለፋበት አሯሯጥ ሲፈርስ በላቸው በዓይኑ አየ። መንገዱ ላይ ቆሞ ቀረ። አስካሪው እያለከለከ ሲደርስ ቅሉን ዘረጋለት፤ ሰውየው ግን ዓይኑን ከፊት ለፊቱ ሯጭ ሳይነቅል አልፎት ሄደ።

ቀኑ ግንቦት አንድ፣ ዓመቱ ሺ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ነበር። ጣሊያኖች ደሴን ከያዙ ሦስት ዓመት አልፏል። ሩጫው የእነሱ የድል በዓል ማድመቂያ ነው።

በላቸው ደሴ የመጣው በሃያ ዓመተ ምሕረት ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የውጭ አገር ቆንስል ቤት የፈረስ ባልደራስ ነበር። የቆንስሉ ዘበኞች ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው ጅምናስቲክ ሲሠሩ፣ ቅዳሜ ደግሞ ኳስ ሲጫወቱ ከጋጣው በር ሆኖ እያየ፣ በኋላም ሰው ሲጎድላቸው እየገባ ተማረ። የደሴው ትምህርት ቤት አርባ ተማሪና አንድ ቆርቆሮ ቤት ብቻ የነበረው ነው። አስተዳዳሪው "ምን ማስተማር ትችላለህ?" ብለው ሲጠይቁት፣ "ልጆቹን ማሯሯጥ እችላለሁ" አለ። ሳቁና ቀጠሩት።

ስምንት ዓመት አሯሯጣቸው። ከበግ ቆዳ ሰፍቶ ጭድ የጎሰጎሰበትን ኳስ አስጠለዛቸው፤ በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ገመድ ወጥሮ አስዘለላቸው፤ በታኅሣሥ ገና አጫወታቸው፤ ትግል አታገላቸው፤ ገመድ አጓተታቸው፤ በበጋ ደግሞ በእግር ኮምቦልቻ ወርደው ቦርከና ወንዝ ውስጥ ዋና እንዲለምዱ አደረገ። ሁዳዴ ሲገባ የክርስቲያኖቹን፣ ረመዷን ሲገባ የሙስሊሞቹን ልጆች ልምምድ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ ተማሪዎች በእውነተኛ ኳስ ሊያሸንፏቸው መጥተው ሁለት ለሁለት ተለያዩ፤ ያን ቀን የደሴ ሰው በላቸውን ተሸክሞ ሰኞ ገበያን ሦስት ጊዜ አዞረው። ቄሱም ሸሁም ልጃቸውን ሲሰጡት "አጥንቱን ለእኛ፣ ሥጋውን ለአንተ" ይሉት ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ቦምቡ የትምህርት ቤቱን ጣራ ገነጠለው። ጣሊያኖች ጣራውን ጠግነው "የአገሬው ልጆች ትምህርት ቤት" ብለው ከፈቱት። በሃያ ዘጠኝ፣ በየካቲት፣ አዲስ አበባ ላይ ያ እልቂት በደረሰ በሳምንቱ፣ የፈረንሳይኛውና የሒሳቡ መምህር ከክፍላቸው ተወሰዱ፤ አልተመለሱም። በላቸውን ማንም አልነካውም። ኳስ የሚያስጠልዝ ሰው ማንን ያስፈራል? ሰው ስለ መትረፉ እግዚአብሔርን ሲያመሰግንለት፣ እሱ ግን ለመያዝ እንኳ ሳይበቃ በመቅረቱ በልቡ ያፍር ነበር። ይህን ለሚስቱ ለአትጠገብ እንኳ አልነገራትም።

ቀጥሎ የእነሱን ሰላምታ እንዲያለማምድ ታዘዘ። አለማመደ። ልጆቹ ቀኝ ክንዳቸውን ዘርግተው ሲቆሙ፣ "ለትከሻ ጥሩ ነው፤ ወጠር አድርጉት" ይላቸዋል። መጀመሪያ ላይ ልጆቹም እሱም በዚህ ይሳሳቁ ነበር። በኋላ ሳቁ ቀረ፤ ክንዱ ተዘርግቶ ቀረ።

የበዓሉን ሩጫ ሲያዙት ወዲያው ሙሄዲን ታሰበው። ልጁ ትምህርቱን በጦርነቱ ምክንያት አቋርጦ ኮምቦልቻ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ይፈልጣል። ዕድሜው ሃያ ሆኗል። አባቱ ጀማሉዲን እስከ አሰብ የሚወርድ የሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ ካሚዮን የሚሉት የጭነት መኪና በቅሎዎቻቸውን ሥራ ሲያስፈታባቸው ሰኞ ገበያ ጠፍርና ገመድ መሸጥ ጀመሩ። በላቸው ልጃቸው እንዲሮጥ ሊለምናቸው ሲሄድ እንዲህ አሉት፦

"እኔ ልጄን ለእነሱ በዓል ማጫወቻ አልሰጥም፤ መምህር ይቅር ይበሉኝ።"

"ለእነሱ አይደለም አባባ" አለ በላቸው። "የእኛ ልጅ የእነሱን ወታደር በአደባባይ ሲቀድመው ሰው ይይ። በዚህ ሦስት ዓመት ምን አየን? ያሸንፋል፤ ቃሌ ነው።"

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ሲያሽከረክሩ ቆዩ። "ቃልዎ ከሆነ ይሁን" አሉ በመጨረሻ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው በዓሉን የሚያዘጋጀው የጣሊያን ካፒቴን አስተርጓሚ ገብረ ማርያም በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ ከበላቸው ጋር ቆሞ አወራ። ካፒቴኑ ለዚህ በዓል ብዙ ደክሟል አለ። የጦሩ አዛዥም ይመጣል አለ።

"ቀኑ የእነሱ ቀን ነው፤ መቼም ታውቃለህ።"

"ምን ማለትህ ነው?" አለ በላቸው።

"ምንም። ቀኑ የእነሱ ነው ማለቴ ነው። አንተ ብልህ ሰው ነህ።"

ይኸው ነው የተባለው። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልተነገረችውም። በላቸው ግን ያቺን ቃል ወደ ቤቱ ይዟት ሄደ፤ አብራው በላች፣ አብራው ተኛች፣ በሦስት ቀን ውስጥ ጥርስና ጥፍር አበቀለች። ግንቦት አንድ ጠዋት ሐረጎ መታጠፊያ ላይ ሲቆም ትእዛዝ እንደተሰጠው ሰው ነበር የቆመው።

ከኋላ የደረሰው የዳኞቹ ካሚዮን ከመታጠፊያው አንሥቶ ከሯጮቹ በፊት ደሴ አደረሰው። ሜዳው ሞልቷል። ሹማምንቱ ድንኳን ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሕዝቡ የጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ ሰፍሯል። ልደታን ተሳልሞ የወጣው ከነነጠላው፣ የገበያ ሰው ከነሸክሙ መጥቷል። ማንን ለማየት እንደመጡ በአፉ ያወጣው አልነበረም። ከፊት፣ ነጭ ጥምጣማቸውን የጠመጠሙት ጀማሉዲን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

አስካሪው ቀድሞ ገባ። ገመዱን በደረቱ ሲበጥስ እግሩ ተብረከረከ። ሙዚቀኞቹ ነፉ። ሙሄዲን አርባ እርምጃ ያህል ቆይቶ መጣ፤ ላቡ ደርቋል፤ ከሩጫ ሳይሆን ከመንገድ የገባ ይመስላል። ሯጭ አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ምን እንደተደረገ ይገባዋል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ሕዝብ አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤ ብድግ ብድግ እያለ ልብሱን አራግፎ ወደ ቤቱ መሄድ ጀመረ።

"ሩጫውን ሸጠው" አለች አንዲት ሴት፣ በላቸው አጠገብ ስታልፍ።

ለሁለተኛ የወጣው ሽልማት አንድ ጣቃ አቡጀዲ ነበር። ሙሄዲን ጣቃውን ታቅፎ አባቱን ሲፈልግ፣ ጀማሉዲን ጀርባቸውን ሰጥተው ተዳፋቱን ይወርዱ ነበር።

አስካሪው ትንፋሹ ሲመለስ በላቸውን ፈልጎ አገኘው። አማርኛው ስብርብር ያለ ቢሆንም ቃሉ ግልጽ ነው።

"ያ ልጅ መታጠፊያው ላይ ምን ሆነ?"

"እግሩን ወለም አለው" አለ በላቸው።

"ወለም ያለው ሰው እንዲያ አይሮጥም። ከኋላው ሆኜ አየሁት።" ሰውየው አፉን በእጁ ጠረገ። "ቢቀድመኝ አላፍርም ነበር። አሁን ግን አፈርኩ።"

እሱ ሲሄድ ገብረ ማርያም ከድንኳኑ መጣ።

"ካፒቴኑ ልጁ ምን ነካው ይላል። ጠዋት ኮምቦልቻ ሲያሟሙቅ አይቶት፣ ይኼ ነው የሚያሸንፈው ብሎ ለአዛዡ ነግሮት ነበር። ተበሳጨ።"

በላቸው ነገሩ ወዲያው አልገባውም። "ታዲያ አንተ…" አለና ቆመ።

"እኔ ምን?"

"ቀኑ የእነሱ ነው አልከኝ እኮ።"

"አዎን። ልጆቹ ልብሳቸውን አጥበው ይምጡ፣ ሰልፉ አይበላሽ ማለቴ ነው።" ገብረ ማርያም ፊቱን ትክ ብሎ አየው፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በላቸው፣ ምን አድርገሃል?"

"ምንም" አለ በላቸው።

በዚያ ሳምንት ውስጥ ሰውነቱ የሌላ ሰው ሆነበት። ፊሽካውን ሲነፋ ልጆቹ ይሰለፋሉ፤ ግን ማንም ዓይኑን አያየውም፤ ወይም የማያዩት መሰለው። ታዞ ቢሆን ኖሮ ያዘዘውን ይረግም ነበር። ጠመንጃ ደግነውበት ቢሆን ጠመንጃውን ባማረረ። አሁን ግን የሚረግመው አጣ። ማንም ሳይጠራው አቤት ያለ፣ ማንም ሳይመታው የወደቀ ሰው ነው። ይህን ሲያስብ ብቻውን እያለ እንኳ ፊቱን በመዳፉ ይሸፍን ነበር።

ሐሙስ ዕለት አትጠገብ ከገበያ ተመልሳ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ፣ "ዘሀራን አየኋት" አለችው። ዘሀራ የሙሄዲን እናት ናት። "እንደምን ዋልሽ ብላት የመለሰችልኝ ለይስሙላ ነው። ቤታቸው ሬሳ የወጣበት መስሏል።"

"ምን ሆኑ?"

"ጀማሉዲን ልጁን አስወጥተውታል። ለአንድ ጣቃ ጨርቅ ያዋረደኝ ልጅ የለኝም አሉ አሉ። አቡጀዲውን መስጊድ በር ላሉ ለማኞች ቀደው አከፋፈሉት። ልጁ አንድ ቃል አልመለሰም፤ ካቦርቱን አንሥቶ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።" ዘንቢሉን አስቀመጠች። "አንተስ አልጠየቅኸውም? ልጅህ ማለት ነው እኮ። ምን ነካህ ማለት አይገባህም ነበር?"

"እጠይቀዋለሁ" አለ በላቸው።

ዓርብ ካፒቴኑ ቢሮ ተጠራ። ካፒቴኑ ብስጭቱ አልፎለታል፤ በዓሉ ያለ ሁከት በመጠናቀቁ አዛዡ ደስ ብሎታል። በላቸው ከእንግዲህ በደሴና በኮምቦልቻ ባሉት የአገሬው ልጆች ትምህርት ቤቶች ሁሉ የስፖርት ተቆጣጣሪ ይሆናል ተባለ። ሹመቱ ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በሰልፍ ፊት ይነበባል። ገብረ ማርያም ይህን ሲተረጉም ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። በላቸው ክንዱን ዘርግቶ ሰላምታ ሰጠና ወጣ።

እሑድ ወደ አሰብ የሚመለስ ካሚዮን ለምኖ ኮምቦልቻ ወረደ። ዕለቱ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሠራተኞቹ ቦርከና ዳር ልብስ ያጥባሉ። ሙሄዲን ካቦርቱን ድንጋይ ላይ እያሸ አገኘው። ልጁ ሲያየው እጁን በሱሪው አድርቆ ተነሣ፤ እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው።

"ጋሼ፣ በደኅና መጡ?"

"ደኅና ነኝ። አባትህ እንዳስወጣህ ሰማሁ።"

"ይብረድላቸው ብዬ ነው የወጣሁ።" ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለማንም አልተናገርኩም። ወላሂ ለእናቴም አልነገርኳት፤ አይስጉ።"

በላቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ለምን አልነገርክም?"

"እንዴት እናገራለሁ? እርስዎን አስፈራርተውዎት ነው እንጂ እንዲያ አይሉኝም ነበር። ፊትዎን አይቻለሁ። አመድ መስሎ ነበር። እነዚያን ሁለቱን መምህራን ወስደው ምን እንዳደረጓቸው አላውቅም እንዴ?" ሙሄዲን ልብሱን እንደገና ማሸት ጀመረ። "የእኔ አንድ ሩጫ ናት። የእርስዎ አንገት ነው። ሳመዛዝነው አልከበደኝም።"

ውሃው ድንጋዩን እየላሰ ይወርዳል። ማዶ ሰዎች ይሳሳቃሉ።

"ምን አሉዎት ጋሼ? እንሰቅልሃለን አሉዎት?"

በላቸው አፉን ከፈተ። እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር፤ ሦስት ቃል ብቻ ነው። ማንም ምንም አላለኝም። ልጁ ግን በዚያ በንጹሕ ፊቱ ይጠብቀዋል፤ ያጣውን ሁሉ፣ አባቱን፣ ስሙን፣ ሩጫውን በመምህሩ አንገት ለውጦ፣ ትርፍ ያገኘ መስሎት ይጠብቀዋል።

"ክፉ ቀን ነበር" አለ በላቸው።

"አላልኩም?" ሙሄዲን በረጅሙ ተነፈሰ፤ ፊቱ ፈካ። "አልሐምዱሊላህ፤ እንኳን ተረፉ። አባቴም ቀን ሲያልፍ ይረዱኛል።"

ከዚያ ከቋጠሮው ዳቦ አውጥቶ ቆረሰና ትልቁን ለመምህሩ ሰጠው። በላቸው ተቀብሎ በላ።

ሲመለስ ካሚዮን አልፈለገም፤ ዳገቱን በእግሩ ያዘው። ሐረጎ መታጠፊያ ሲደርስ አረፈ። ውሸት አልተናገርኩም አለ ለራሱ፤ ክፉ ቀን ነበር ማለት ውሸት አይደለም። ወዲያው ይህን በማለቱ ከሩጫው ቀን፣ ከማክሰኞው የባሰ አፈረ። ማክሰኞ የፈራው ጣሊያንን ነበር፤ ለፍርሃቱ ምክንያት አያጣም። ዛሬ የፈራው ማንን ነው? ዳቦውን ቆርሶ ትልቁን የሰጠውን ልጅ ነው። ልጁ ያን ትልቅ ግምቱን እንዳያነሣበት ፈርቶ፣ ከአባቱ የተጣላ ሰው በውሸት እንዲጽናና ትቶት መጣ። ያችን የሰው ግምት ለማትረፍ ሌላ ሰው ሲከፍል ዝም ብሎ ማየት ልማድ ሆኖበት ይሆን? እግሩ እስኪደነዝዝ ተቀምጦ ቆየና ተነሥቶ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት አትጠገብ ለሹመቱ ኮቱን ጠራርጋ አቀረበችለት። ለበሰ። ወደ ትምህርት ቤቱ ግን አልሄደም፤ ወደ ሰኞ ገበያ አቀና።

ገበያው ደርቷል። ከኩታበር የመጡ ገበሬዎች አህዮቻቸውን ከግንቡ ጥግ አስረዋል፤ ሰው በሰው ላይ ይጋፋል። ጀማሉዲን በሱቃቸው ደጃፍ ቁርበት ላይ ተቀምጠው ጠፍር ይጎነጉናሉ። ፊት ለፊታቸው ሁለት ገበሬዎች ገመድ እየጎተቱ ጥንካሬውን ይፈትናሉ፤ ከጎን ያለው የጨው ሻጭ በሺር ከደንበኛ ጋር ይከራከራል።

"አሰላሙ አለይኩም አባባ" አለ በላቸው።

"ወአለይኩም ሰላም። መምህር፣ እንደምን አሉ?" ሽማግሌው ቀና አሉ። ስድስት ቀን ውስጥ ጉንጫቸው ጎድሏል። አክብሮታቸው ግን አልጎደለም፤ ብድግ ለማለት ሲሞክሩ በላቸው ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

"ስለ ሙሄዲን ልነግርዎ ነው የመጣሁት።"

የጀማሉዲን ፊት ጨለመ። "ስለሱ ባናነሣ ይሻላል። እርስዎ ደክመውለታል፤ በእርስዎ ቅያሜ የለኝም። ቃልዎን ያጠፋብዎ እሱ ነው።"

"እሱ አላጠፋም።"

ሽማግሌው የበላቸውን ድምፅ ሰምተው ዙሪያቸውን ቃኙ። በሺር ክርክሩን ገታ አድርጎ ጆሮውን ሰጥቷል። በዚህ ገበያ ውስጥ ወሬ ለጣሊያን የሚያቀብል ሰው እንደማይጠፋ ሁሉም ያውቃል።

"ወደ ውስጥ ይግቡ" አሉ ጀማሉዲን ቀስ ብለው። "ነገር ካለ ከጓዳ እናውራ።"

በሩ ክፍት ነው። ጓዳው ጨለም ብሎ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ይታያል። እዚያ ቢነግራቸው ሽማግሌው ምሥጢሩን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ልጃቸውንም ይመልሳሉ። ከተማው ግን ሙሄዲን ሩጫውን ሸጠ እንዳለ ይቀራል።

"እዚሁ ይሻለኛል" አለ በላቸው።

ቆሞ ተናገረ። ድምፁን አላነሣም፤ ዝቅም አላደረገም።

"ሙሄዲን ሩጫውን አልሸጠም። እየቀደመ ነበር። ሐረጎ ላይ ጠብቄ፣ አስካሪው ይለፍህ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ገበሬዎቹ ገመዱን እንደያዙ ቆሙ።

"አዘዙዎት?" አሉ ጀማሉዲን።

"አላዘዙኝም። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። በራሴ ፈርቼ ነው። አንድ ሰው አንዲት ቃል ጣል ቢያደርግ፣ የቀረውን እኔው ጨመርኩበት። ልጁ እኔን ለማዳን ብሎ ተሸነፈ፤ እኔን ለማዳን ብሎ ዝም አለ። ጨርቁንም አልፈለገው፤ ሰጡት ያዘው።"

ሰው ተሰብስቦ ነበር። በሺር የጨው አሞሌ በእጁ እንደያዘ ቆሟል፤ አንዲት ሴት "ኧረ በወላዲቷ" ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ማንም አልሰደበውም። ቢሰድቡት ይቀለው ነበር።

ጀማሉዲን ጠፍሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ልጄ ይህን ያውቃል?" አሉ። "ማንም እንዳላዘዘዎት ያውቃል?"

"አያውቅም። ትናንት ጠየቀኝ፤ ልነግረው ሄጄ አቃተኝ።"

"እኔ ፊት አልከበደዎትም፤ እሱ ፊት ከበደዎት።"

"አዎን አባባ።"

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሡ። ሸቀጡን እንዲያይላቸው በሺርን በዓይናቸው ለመኑት፤ በሺርም በራሱ ንቅናቄ እሺ አለ። ጥምጣማቸውን አስተካከሉ።

"ልጄን ይዤ ልመጣ እወርዳለሁ" አሉ። "ሳልመረምር ፈርጃለሁና እኔም ዕዳ አለብኝ። የእርስዎን እኔ አልነግርልዎትም፤ የራስዎ ነው።"

"መቼ ነው የሚወርዱት?"

"አሁን። መምህር ግን ዛሬ ሹመት አለዎት ሲሉ ሰማሁ። ነገ ይድረሱብን።"

ሁለቱ ገበያውን ሰንጥቀው ሲወጡ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። መስቀለኛው ላይ ደረሱ። በግራ በኩል ያለው መንገድ ወደ ትምህርት ቤቱ ይወጣል። ሌላ መምህር ልጆቹን ለዘጠኝ ሰዓቱ ሰልፍ አስቀድሞ እያለማመደ ነው፤ ቁጥሩ በጣሊያንኛ እየተደጋገመ እስከዚህ ይሰማል። ካፒቴኑ በሰዓቱ ይመጣል። ስሙ ሲጠራ ባይገኝ ምን እንደሚሆን በላቸው አያውቅም፤ ከገበያው ወሬ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ከሹመት መቅረት የባሰ ነገር ሊመጣ ይችላል። ጀማሉዲን መንገዱ ዳር ቆመው፣ ሊሰናበቱት እጃቸውን ዘረጉ።

በላቸው የተዘረጋውን እጅ አልጨበጠም። ኮቱን አውልቆ በክንዱ ላይ አደረገና በሽማግሌው ቀኝ ገባ።

"መንገዱ ይረዝማል፤ ይደገፉኝ" አላቸው።

ጀማሉዲን አንድ አፍታ ፊቱን አዩት፤ ከዚያ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። ሁለቱም የኮምቦልቻን መንገድ ይዘው ወረዱ።